አንገቱ የታሰረ አይጠጣም

ሴትየዋ በሆስፒታሉ የልብስ ንጽህና ክፍል ካውያ ከጨበጠች ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው። አንሶላ፣ ጋወን፣ የትራስ ልብስ፤ ደግሞ አንሶላ። የተኮሰችው ሁሉ ዛሬ ተነጥፎ በነጋታው ተጨማድዶ ይመለስላታል። ማታ ማታ እግሯ ስለሚያብጥ ጫማዋን የምታወልቀው ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ትንፋሿን ሰብስባ ነው። ታዲያ ይቺ ሴት ጉልበት መቆጠብን ሃይማኖት ብታደርገው ማን ይፈርድባታል? ሰነፍ ናት የሚላት ካለ አፉን ይያዝ። ጉልበት የሚቆጥበው ያለቀበት ሰው ነው፤ የተረፈውማ እንደ ውሃ ይረጨዋል።

የሰፈሩ ሰው «እትዬ ብልሃት» ይላታል። የመዝገብ ስሟን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ዚፕ አልሄድ ሲል በሻማ ማሸት፣ ያለቀ የሳሙና ፍርፋሪ አሮጌ ካልሲ ውስጥ ቋጥሮ እጅ መታጠቢያ ማድረግ፣ ሱሪ ከፍራሽ ስር አንጥፎ ተኝቶበት ጠዋት የተተኮሰ ማንሳት፣ ይህን ሁሉ ሰፈሩ የተማረው ከእሷ ነው። ከሥራ ስትመለስ እንኳ በሰላም አያሳልፏትም።

«እትዬ ብልሃት፣ ማንቆርቆሪያዬ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ሠራብኝ፣ ምን ይሻለኛል?» ትላታለች የታችኛዋ ጎረቤት።

«አቼቶና ውሃ እኩል አድርገሽ አፍዪበት፣ ከዚያ እንዳለ ይደር።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር።»

ይህን ሁሉ ስታወራ በአንድ እግሯ ቆማ ሌላውን ታሳርፋለች። እሱም ብልሃት ነው።

ከሁሉ የምታጠብቀው ሕግ «ባዶ እጅሽን አትነሺ» የሚለው ነው። ከመኝታ ቤት ወደ ኩሽና የሚሄድ ሰው የቆሸሸ ብርጭቆ ይዞ ይሂድ፣ ሲመለስ የታጠበ ፎጣ ይዞ ይመለስ። ሁለተኛው ሕግ ደግሞ «ዕቃ አይጣልም» ነው። በእሷ ቤት ጨው የሚገኘው በወተት ዱቄት ጣሳ፣ ስኳሩ በብስኩት ቆርቆሮ፣ የልብስ ቁልፍ በሻይ ቅጠል ዕቃ ነው። ልጇ ገና ተማሪ ሳለች «እኛ ቤት ማንበብ የሚችል ሰው በረሃብ ይሞታል» እያለች ታስቃቸው ነበር።

በረኪና የምትገዛው በትልቁ ጀሪካን ነው፤ በትልቁ ይረክሳል። ጀሪካኑን ማንሳት ግን ካውያው ለጎዳው የእጅ አንጓዋ ስለሚከብድ፣ ወለል መወልወያ እንዲሆን በውሃ በጥብጣ በባዶ የውሃ ፕላስቲኮች ትከፋፍለዋለች። እንዳይምታታ በየፕላስቲኩ አንገት ላይ ብር የሚታሰርበትን ቀጭን ላስቲክ ትጠመጥማለች። አንገቱ የታሰረ አይጠጣም። ልጇ ይህን ያወቀችው ፊደል ሳትቆጥር ነው። ሠላሳ ዓመት ማንም ተሳስቶ አያውቅም።

ባሏ የከተማ አውቶብስ ሾፌር ነበር። በደህናው ዘመኑ ይህን ሁሉ ብልሃት ሲያሾፍበት ነው የኖረው። «ይቺ ሴት አንድ ቀን ጥላህን አጣጥፈህ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጥ ትለኛለች» ይል ነበር ለጓደኞቹ። መብራት አያጠፋም፣ ባዶ እጁን ይነሳል፣ ባዶ እጁን ይመለሳል። እሷም ትነጫነጫለች። ትዳር ማለት ያው አይደል።

መርሳት የጀመረው ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ዓመት ነው። መጀመሪያ የመንገዶቹ ስም ጠፋበት፣ ቀጥሎ የሰው ስም፣ ከዚያ ጡረታ መውጣቱ ራሱ። ገና ሳይነጋ ተነስቶ የደንብ ልብሱን ይፈልጋል። ግን ጉድ እኮ ነው፣ የራሱ የነበረው ሁሉ ሲሄድ የእሷ ንዝንዝ ቀረ። ሠላሳ ዓመት እምቢ ያለው ሰውዬ አሁን መብራት ያጠፋል፣ የሳሙና ፍርፋሪ ይለቅማል፣ ባዶ እጁን አይነሳም። አንዳንዴ ትራስ ይዞ ሽንት ቤት ይሄዳል፤ ቢሆንም ባዶ እጁን አልሄደም። እሷም እየሳቀች ያንጀቷን እህህ ትላለች።

መድኃኒት ቤት የምትሠራው ልጃቸው ነገሩን ካየችው ቆየች።

«እማዬ፣ አባዬን ልውሰደው» አለቻት ከስድስት ወር በፊት። «እኔ ጋ አማቴ ቀኑን ሙሉ ቤት ናት፣ ቤቱም ደረጃ የለውም። እዚህ አንቺ እስክትመጪ ብቻውን ነው የሚውለው።»

«ይህን ቤት ያውቀዋል። ሌላ ቦታ ወስደሽ ልታንከራትቺው ነው?»

«እሺ። ግን አንድ ነገር ቢፈጠር ሁለተኛ አልጠይቅሽም። መጥቼ እወስደዋለሁ።»

«እሺ» አለች እናት። እሺ ስትል ሆዷ አልተስማማም። ቤቱን ያውቀዋል ማለቷ እውነት ነው፣ ግን ሙሉውን አልተናገረችም። ያለ እሱ ቤቱን የማታውቀው እሷ ናት። ስሟን ቢረሳም፣ አንዳንድ ቀን «እህቴ» ብሎ ቢጠራትም፣ እሱ የሌለበትን ክፍል አስባው አታውቅም፣ ማሰብም አትፈልግም። ስለዚህ ስድስቱን ወር ምንም እንዳይፈጠር እየጸለየች፣ ሥራ ላይ ሆና ልቧ ቤት እየዋለ ከረመች።

አንድ ቅዳሜ የእንፋሎቱ ቧንቧ አፍስሶ የካውያ ክፍሉ ምድጃ ሆኖ ዋለ። ከቀትር በኋላ ቤቷ ስትደርስ ምላሷ ከላንቃዋ ተጣብቋል። ባሏ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ካልሲ ያጣምራል። ጠረጴዛው ላይ አንድ የውሃ ፕላስቲክ ቆሟል፣ አንገቱ ባዶ። ሠላሳ ዓመት ያመነችውን ሕግ አምና አነሳችና ጎንጨት አለችለት።

በረኪና ነበር።

የተበጠበጠ ባይሆን ኖሮ ወሬው ሌላ ይሆን ነበር። ግማሹን ተፋችው፣ ግማሹ እያቃጠላት ወረደ። ጉሮሮዋን ይዛ ስትንበረከክ ባሏ መጥቶ ጀርባዋን መታ መታ ያደርጋት ጀመር። «ቀስ በይ፣ ቀስ በይ፣ ትን ብሎሽ ነው» ይላል በርጋታ። የታችኛዋ ጎረቤት ድምፅ ሰምታ ባትወጣና ወደ ክሊኒክ ባትወስዳት እዚያው ትቀር እንደሆነ እንጃ። ሐኪሙ አፏን አይቶ፣ ጉሮሮዋን አይቶ፣ ቆስሏል ግን ይድናል፣ ዕድለኛ ነሽ አላት። ዕድለኛ መሆኑ ራሱ አደከማት።

አመሻሹ ላይ ልጅ ደረሰች። በቀጥታ ኩሽና ገባችና ከመታጠቢያው ስር ያሉትን ፕላስቲኮች አንድ በአንድ አወጣች። ሰባት ናቸው። የሰባቱም አንገት ባዶ ነው።

«ላስቲኮቹ የት ሄዱ?»

አባት ደስ ብሎት ተነሳ። መሳቢያ ከፈተና እናት የተረፈ ላስቲክ የምታጠራቅምበትን ትንሽ ቆርቆሮ አምጥቶ ከፈተላቸው። ሁሉም እዚያ ናቸው፣ ተፈትተው፣ ተስተካክለው። «ሜዳ ላይ ሲባክኑ አግኝቼ ሰበሰብኳቸው» አለ። «ላስቲክ አይጣልም ትይ የለ?»

እናት ሳቋ መጣ፣ ጉሮሮዋ ግን አላሳቃትም።

«እማዬ፣ ተስማምተን ነበር» አለች ልጅ።

«የጠጣሁት እኔ ነኝ። እሱ ምን ሆነ?»

«ነገ እሱ ቢሆንስ? እሱ የሚተፋ ይመስልሻል? ምን እንደጠጣ እንኳ አይነግርሽም።»

«ጥፋቱ የሱ አይደለም፣ የእነዚህ የተረገሙ ዕቃዎች ነው። እስከ ነገ ማታ ስጪኝ። ቤቱን እንደ ሰው ቤት አደርገዋለሁ፤ ጨው ጨው ከተጻፈበት፣ ስኳር ስኳር ከተጻፈበት። ካልሆነ ውሰጂው።»

ልጅ እናቷን አየቻት። ዓይኗ የቀላ፣ ከንፈሯ የተላጠ፣ ትከሻዋ የወደቀ ሴት ናት። መከራከር አላስቻላትም። «እስከ ነገ ማታ» ብላ ሄደች።

እሑድ እትዬ ብልሃት ሕጓን ሁሉ ሻረች። ጣሳ፣ ቆርቆሮ፣ ብልቃጥ፣ ክዳን የሌለው ዕቃ፣ ዕቃ የሌለው ክዳን፣ ሁሉንም ከየመደርደሪያው አወረደች። በረኪናውን መታጠቢያው ውስጥ ደፋች። ከሱቅ አዲስ የጨው ዕቃ፣ አዲስ የስኳር ዕቃ፣ እና ትልቅ ቀይ ጽሑፍ ያለበት በራሱ ጀሪካን የታሸገ በረኪና ገዛች። አሮጌው ሦስት ማዳበሪያ ሙሉ ወጣው። እየጎተተች መንገድ ዳር ቆሻሻ መጣያው ጋ አደረሰችው። ሲጣል ይቆጨኛል ብላ ነበር፤ አልቆጫትም። ሠላሳ ዓመት ያጠራቀመችው ነገር በሦስት ምልልስ ማለቁ ብቻ ገረማት። እግሯ ስለነደደባት ለአፍታ ጋደም ልበል አለችና እንቅልፍ ይዟት ጭልጥ አለ።

የነቃችው በቧንቧ ውሃ ድምፅ ነው።

ኩሽና ስትገባ ሦስቱም ማዳበሪያዎች ተመልሰዋል። ያ ሰውዬ፣ በዚያ ዕድሜው፣ ቆሻሻ መጣያው ድረስ ሦስቴ ተመላልሷል። ጣሳው ሁሉ ታጥቦ፣ ጨርቅ ላይ በአፉ ተደፍቶ፣ ልክ እሷ እንደምታደርገው እየተንጠፈጠፈ ነው። እሱ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ከተቆረጠ ፕላስቲክ በሠራው ማጥለያ አዲሱን በረኪና ከጀሪካኑ ወደ ውሃ ፕላስቲኮች ይገለብጣል። አራቱን ሞልቶ ጨርሷል። አንዲት ጠብታ መሬት ላይ የለም።

«ምን እያደረግክ ነው?» አለችው። ድምፅዋ አልወጣም ማለት ይቻላል።

«ትልቁ ለእጅሽ ይከብድሻል። ከፋፈልኩልሽ።»

ጠዋት ማን እንደሆነች ጠይቋት ነበር። ስሟን አያውቅም። አንጓዋን ግን ያውቃል፣ እንደሚያማት ያውቃል። ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። ቁጣ ቢሆን ይቀላት ነበር፤ በእሱ መቆጣት የለመደችው ሥራ ነው። አሁን ግን የሚቆጡት ጥፋት የለም። ዕቃውን አውጥቶ መጣል ይቻላል፣ እሱ ውስጥ ያስቀመጠችውን ግን በምን ማዳበሪያ ታወጣዋለች? ነገም ብትጥለው ይመልሰዋል፤ እሷን ደስ ለማሰኘት ሲል ይመልሰዋል፣ አንድ ቀን ጠምቶት ከአንዱ ይጠጣል። ይህ ፍንትው ብሎ ታያት፣ ደግሞም በጣም ደከማት።

«አይዞሽ» አላት ማጥለያውን ሳይለቅ፣ «አላፈሰስኩትም።»

አራቱን ፕላስቲኮች አንስታ ደፋች፣ ጀሪካኑን ጎረቤት አስቀመጠች፣ የእሱን እጅ በሳሙና አጠበችለት። ከዚያ ስልኩን አነሳች። ገና ፀሐይ አልጠለቀችም።

«ነይ ውሰጂው» አለች።

ልጅ ለክርክር ተዘጋጅታ ነበር። «እማዬ፣ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም። ሳይሆን ነው የምልሽ። ወረቀት ይዘሻል? ጻፊ። ጫማውን ከአልጋው በስተቀኝ አድርጊለት፣ በግራ ከሆነ ባዶ እግሩን ይወጣል። ሸሚዙን ከታች ጀምረሽ ቆልፊለት፤ ከላይ ሲጀመር ይዛነፍበትና ይናደዳል። ሻይ እስከ ግማሽ ብቻ ቅጂለት፣ ሙሉ ከሆነ እንዳይደፋው ፈርቶ አይነካውም።»

«ቀስ በይ፣ እየጻፍኩ ነው።»

«ጠዋት አውቶብሱ ይጠብቀኛል ካለ ጡረታ ወጥተሃል አትበዪው፣ እንደ አዲስ ያዝናል። ዛሬ ተረኛው ሌላ ሰው ነው በዪው፣ ይቀመጣል። ሥራ ስጪው፣ ካልሲ ይሁን ማንኪያ፣ ብቻ ስጡኝ ሳይል ስጪው። በረኪናና መድኃኒት ቁልፍ ያለው ቦታ ይሁን። ለአማትሽም ንገሪያት፣ በቤቷ ላስቲክ ቢጠፋ ሌባ አትፈልግ።»

ልጅ ሳቀች፣ ሳቋ ግን ወዲያው ተቆረጠ። «ሌላስ?»

«አመሻሽ ላይ ይረበሻል። ሴትየዋ አልመጣችም ይላል። ሥራ ላይ ናት፣ አሁን ትመጣለች በዪው።»

«እሱን ውሸት ስንት ቀን ያምነኛል፣ እማዬ?»

«ምኑ ነው ውሸቱ? እመጣለሁ።»

«በሁለት አውቶብስ? ቀኑን ሙሉ በዚያ እግርሽ ቆመሽ ውለሽ?»

«እመጣለሁ አልኩሽ። ብቻ በሩን ሳንኳኳ እናንተ አትክፈቱ። እሱ ይክፈትልኝ።»

ልጅ ይህንንም ጻፈችው።