ታምራትን ያዘፈንኩበት እሁድ

ከሆሳዕና የወጣንበትን ሌሊት መቼም አልረሳውም። እኔና ታምራት በአንድ አጥር የምንዋሰን፣ አብረን ያደግን ነን። እኔ ለቤተሰቤ «ሐዋሳ ሥራ አገኘሁ» ብዬ ዋሽቼ ነው የወጣሁት፤ እሱ ግን ለእናቱ አንድም ሳይደብቅ ነገራቸው። እናቱ እማማ በለጠች መኪናው ድረስ መጥተው ቅቤ የጠገበ ቆጮ በኮባ ጠቅልለው ለሁለታችን ሰጡን። «እንግዲህ አንዳችሁ ላንዳችሁ ሁኑ» አሉን። ሞያሌ ላይ ደላላው ጥሎን ሲጠፋ ያን ቆጮ እየቆነጠርን ሰነበትን። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ብዙ ሰው ስለነገራችሁ እኔ ልተወው። እኔ የምጽፍላችሁ የማፍርበትን ነው።

እስከ አፍሪካ ደቡብ ጫፍ ወርደን ዳቬይተን በሚባል ሰፈር ስፓዛ ከፈትን፤ ከፍርግርግ ብረት ጀርባ ቆመህ ዳቦና ሳሙና የምትሸጥበት የሰፈር ሱቅ ማለት ነው። የምንተኛው ከፍሪጁ ጀርባ ነበር። እዚህ አገር ሰኔና ሐምሌ ዝናብ የለም፤ ደረቅ ብርድ ብቻ ነው፣ አጥንት ይገባል። የእኛ አገር ክረምት ቢያንስ ጭቃው ሞቅ ያለ ቤት ያስናፍቅሃል፤ ይሄኛው ምንም አያስናፍቅ። ግን ሁለት ስለሆንን ቻልነው።

ኮሮና በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ እሁድ ጠዋት ጋሽ ኤልያስ ደወሉልኝ። የኅብረታችን ሽማግሌ ናቸው።

«ታምራት አጠገብህ ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ወጣ በል እስቲ።»

ወጣሁ። «እማማ በለጠች አርፈዋል» አሉኝ። «ነገ ጠዋት ከቴምቢሳም ከሌላም ሰፈር ተሰብስበን እናረዳዋለን። እስከዚያ እንዳይሰማ። ስልኩን አርቅበት። ሱቅም አታውለው፣ አንዱ ድንገት መጥቶ ‹ያጽናህ› ይለዋል።»

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ሰው ብቻውን አይረዳም፤ የሚይዘው፣ አብሮት የሚያለቅስ ሰው ይፈለጋል። እዚህ ደግሞ ቢሰማም የትም አይሄድም፤ ያለን ወረቀት የጥገኝነት ስለሆነ አገር ቤት የሄደ በዚያው ቀረ ማለት ነው። እሺ አልኩ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

የስልኩ መስታወት ከተሰነጠቀ ሰንብቷል። «አምጣ ላሠራልህ» ብዬ ወስጄ ስልክ ጠጋኙን ከነገ በፊት እንዳትመልስ አልኩት። ታምራት ትከሻዬን መታ አድርጎ «አንተ እኮ ወንድሜ ነህ» አለኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ግን ቀኑን ሙሉ የት ላድርሰው? ያኔ ሚስተር ሊን ትዝ አለኝ። ዕቃ የምንረከበው ከእሱ ነው፤ ደንበኞቹን ለዚያው ቀን ሳንተን በሚባለው የሀብታም ሰፈር ካራኦኬ ቤት ጋብዞን ነበር። ካራኦኬ ማለት ሙዚቃው ብቻ እየተጫወተ አንተ ግጥሙን ከስክሪን እያነበብክ የምትዘፍንበት ነው። እኛ ጴንጤዎች ከመዝሙር ሌላ የት እናውቅና! አንመጣም ብለነው ነበር። በኮሮና የሰዓት እላፊ ስላለ የሚጀመረው ከቀኑ በሰባት ሰዓት ነው። «ተነስ፣ ሳንተንን እንይ» አልኩት።

በሩ ላይ ጥበቃው መታወቂያ ጠየቀኝ። አራት ቦታ የታጠፈውን ወረቀቴን ዘረጋሁለት።

«ይሄ ጊዜው አልፏል።»

«ቢሮው በኮሮና ተዘግቶ ነው።»

«መቼ ነው የሚከፈተው?»

«እኔም እኮ እሱን ልጠይቅህ ነበር።»

ሳቀና ያን የሙቀት መለኪያ ታምራት ግንባር ላይ ደገነ። «ሠላሳ ሁለት! ባባ፣ በዚህ ሙቀትማ ሞተሃል፣ ግባ» አለው። ታምራት እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ክፍሉ የእኛን ሱቅ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ለሚስተር ሊንና ለእንግዶቹ ብቻ ነው። ጥቁር የቆዳ ሶፋ፣ ግድግዳ የሚያህል ቴሌቪዥን፣ የላስቲክ ኮፍያ የለበሰ ማይክ። መጠጥ በአዋጅ ተከልክሏል፤ አስተናጋጁ ግን በሻይ ጀበና አንድ ነገር አምጥቶ «ሻይ ነው» አለን። ሻዩ አረፋ አለው። እኛ ጁስ ያዝን። ሚስተር ሊን ዓይኑን ጨፍኖ በቻይንኛ ሲዘፍን ታምራት አፉን ከፍቶ ያየዋል።

ድንገት «ስልክህን ስጠኝ» አለኝ። «እማዬን በቪዲዮ ላሳያት። እሁድ ሆኖ እስካሁን አልደወልኩላትም።»

«ዳታ የለኝም» አልኩ።

ሚስተር ሊን ሰማ። «ዋይፋይ! ፍሪ!» ብሎ፣ ያ ደግ ሰውዬ፣ የይለፍ ቃሉ የተጻፈበትን ካርድ ራሱ አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። የማደርገውን ባጣ ማይኩን ታምራት እጅ ላይ ወተፍኩት።

«መጀመሪያ ዝፈን።»

«ዘፈን? ምን ነካህ አንተ?»

«የሠርግ ጭፈራ ምን አለበት? በእህትህ ሠርግ አልጨፈርክም?»

አሰብ አደረገ። «እንግዲያው ቅረጸኝ፤ ነገ ስልኬ ሲመጣ እልክላታለሁ» አለኝ።

ስልኬን ፍራፍሬው ሳህን ላይ አስደግፌ ከፈትኩለት። «እማዬ፣ የት እንደገባሁ እይልኝ! ደልቶኛል፣ አታስቢ!» አለና በሐድይኛ የሰፈራችንን የሠርግ ዘፈን አወረደው። ሚስተር ሊንና አብረውት የመጡት ቻይናዎች ተነስተው ያጨበጭባሉ። ከሁሉም አብልጬ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። እናቱ አፈር ሳይደርቅባቸው ልጃቸውን አስጨፈርኩት።

በማግስቱ ጠዋት ተሰብስበው አረዱት። አለቃቀሱን አልነግራችሁም። በሦስተኛው ቀን ሰው ሲወጣ ጠብቆ ጠየቀኝ።

«ስታጨበጭብ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር። ሽማግሌዎቹ...»

«ሽማግሌዎቹን አልጠየቅኩህም።»

በሳምንቱ ልብሱን ጠቅልሎ ቴምቢሳ ገባ። ሁሉም «ልክ ነው ያደረግከው፣ ወጉ ነው» ይሉኛል። ወጉን አላጣሁትም፤ ያጣሁት ታምራትን ነው። ቪዲዮውን አልጠየቀኝም። እኔም ለማጥፋትም ለማየትም ድፍረቱ የለኝም።

አሁን ስምንት ወር ሆነው። እኔም እሁድ እሁድ ቤት እደውላለሁ። ሦስት ሳምንት ሆነኝ አባቴን ካገኘሁት። «ተኝቷል» ትለኛለች እናቴ። አባቴ በቀን የሚተኛ ሰው አይደለም። «ቀስቅሺልኝ» ስላት ስለ በጉ፣ ስለ ጎረቤት ታወራልኛለች፣ ትስቃለች ደግሞ። እኔ ያን ሳቅ አውቀዋለሁ፤ እንደ እኔ ጭብጨባ ነው። ማንን ልጠይቅ? ጋሽ ኤልያስን ብጠይቃቸው «ደህና ናቸው፣ ጸልይ» ነው የሚሉኝ። እውነቱን የሚነግረኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ በምን ዓይኔ?

ትናንት እንደምንም ደወልኩለት። አነሳው።

«ታምራት፣ ስለ አባቴ የሰማኸው ነገር አለ?»

ከበስተጀርባው አንድ ደንበኛ ዳቦ ስጠኝ እያለ ይጨቀጭቀዋል።

«አልሰማሁም» አለኝ በመጨረሻ። «የሰማሁ ቀን ግን ያኔውኑ ደውዬ እነግርሃለሁ። ሰው እስኪሰበሰብ አልጠብቅም። እኔ አላዘፍንህም።»

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልለው አፌን ስከፍት ዘግቶታል።