ያሳመርኩት ቃል

ባለፈው ወር መካነ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ካለች ምሳ ቤት ሽሮ በልቼ እጄን ስታጠብ፣ ቴሌቪዥኑ የፓርላማ ስብሰባ ያሳይ ነበር። አንዲት የምክር ቤት አባል መነጽሯን እያስተካከለች የመረጣትን ሕዝብ ችግር ለሚኒስትሩ ዘረዘረች። ሚኒስትሩ ቀልድ ጣል አድርጎ መለሰላት። አዳራሹ ሳቀ፤ ምሳ ቤቱም አብሮ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

«ጋሼ፣ ቀልዱ አልገባዎትም እንዴ?» አለኝ አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት መምህር።

«በዚህ ከተማ እኔ ያልገባኝ ነገር የለም» አልኩት።

እውነቴን ነው። ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ፣ ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ፊደል ለቅሜ፣ በሃያ ዓመቴ ከአባይ አፋፍ እስከ አቀስታ የኔን የሚያህል ብዕር አልነበረም። ደሴ ተምረው የመጡ ጸሐፊዎች ማመልከቻ ከምጽፍበት የሱቅ በረንዳ ላይ አጠገቤ ተቀምጠው ባለጉዳይ ሲጠብቁ፣ ሰው እነሱን አልፎ ወደ እኔ ይመጣ ነበር። ዳኛው እንኳ ማመልከቻዬን ሲያነብ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይህን የጻፈው ማነው?» ብሎ ነበር። ለጉራ ብዬ አይደለም የማወራው፤ ያለዚህ የሆነው ነገር አይገባም።

ንጉሡ በዙፋን ላይ በነበሩበት በመጨረሻው ዘመን በልጉ ቀረ። ክረምቱም ብቅ ብሎ ጠፋ። የቆላው ሰው መጀመሪያ ዘሩን በላ፣ ቀጥሎ ሳማ ቀቅሎ በላ፣ በኋላ ወደ ደጋ መውጣት ጀመረ። የዚያን ጊዜ መንገድ ትዝ ይለኛል። አቧራው እንደ ዱቄት የላመ ነበር፤ ያን ሁሉ ሰው ሲጓዝበት ድምፅ አይሰማም። የሚነዳ ከብት ስላልነበረ ኮቴ የለም፤ ሕፃናቱም ማልቀስ ትተው ነበር።

ሰይድ የሚባል የቆላ ገበሬ በዚያ መንገድ መጣ። በደጉ ጊዜ የአባቴ ወዳጅ ነበር፤ ለመስቀል ማር ያመጣልን ነበር። አሁን ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ቀብሮ፣ የቀረችለትን ልጁን ከዲጃን በጀርባው አዝሎ ነው የደረሰ። እናቴ የገብስ ጥሬ ቆልታ ሰጠቻት። ልጅቷ ፍሬውን አፏ ውስጥ ይዛ ቀረች፤ ማኘኩን የረሳችው ትመስል ነበር።

የወረዳችን የሕዝብ እንደራሴ ግራዝማች ይማም በዚያው ሰሞን ወደ አዲስ አበባ ሊሄዱ ነበር። ምክር ቤቱ ሚኒስትሮቹን ጠርቶ ሊጠይቅ ስለሆነ፣ የሚጠይቅ ሁሉ ጥያቄውን አስቀድሞ በጽሑፍ ማስገባት ነበረበት። ግራዝማች በሰው ፊት አንደበተ ርቱዕ ነበሩ፤ ከብዕር ጋር ግን አይስማሙም። እኔን አስጠሩኝ። ሰይድን ይዤ ሄድኩ።

«ጻፍ» አለኝ ሰይድ። «ሰው በረሃብ ሞተ በል። እህል ስደዱልን በል። አለቀ።»

«ለሚኒስትር እንዲህ ተብሎ አይጻፍም።»

«እና እንዴት ይባላል?»

«ሞተ ለከብት ነው። ሰው ያርፋል።»

«ያ ረቢ! የኔዎቹ እንደ ከብት ነው የሞቱት!»

ግራዝማች ፈገግ ብለው፣ «ተወው ሰይድ፣ ልጁ ቃል ያውቃል» አሉት። ያን ቀን የጻፍኩትን እስካሁን በቃሌ እወጣዋለሁ፤ «በልጉ ከቀረ ወዲህ አያሌ አባወራዎች ከነቤተሰቦቻቸው ከድካማቸው አርፈዋል፤ የቀሩትም ለማረፍ ተቃርበዋል።» እህል የሚለው ቃል ለእንዲህ ያለ ጽሑፍ ተራ ሆኖ ስለታየኝ «የመንግሥት ቸርነት እንዳይለየን» ብዬ ዘጋሁት። ሁለት ጊዜ ጮክ ብዬ አነበብኩት። እንደ ቅኔ ነበር የሚፈሰው።

ግራዝማች «አብረኸኝ ትሄዳለህ» አሉኝ። በበቅሎ እስከ አቀስታ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ደሴ፣ ከደሴ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ገባን። በመንገድ በሶ በጥብጠን ጠጣን። በየኬላው መኪናው ሲቆም እጅ ይዘረጋልን ነበር፤ ግራዝማች ስንቃቸውን ሰጥተው ጨረሱ። እኔ የማስበው ጽሑፌ ሲነበብ አዳራሹ ምን እንደሚል ነበር።

የምክር ቤቱ አዳራሽ ምንጣፍ እግር ይውጣል። እኔ ከላይ፣ ተመልካች ከሚቀመጥበት ሰገነት ሆኜ አያለሁ። ግራዝማች ተነሥተው አነበቡ። ጥሩ አድርገው፣ አንድም ፊደል ሳይስቱ አነበቡ። ሚኒስትሩ ግልባጩን በእጁ ይዞ ተነሣ። ሽቶው እኔ ድረስ የመጣ መሰለኝ።

«ክቡር እንደራሴው ለጠየቁት መልሱ ከራሳቸው ወረቀት ላይ አለ» አለ። «ሕዝቡ ከድካሙ አርፏል ይላሉ። የቀረውም ሊያርፍ ነው። ታዲያ የኛ መሥሪያ ቤት ምን ያድርግ? ያረፈውን ቀስቅሶ ሥራ ይስጠው?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ሰውየው በእርግጥ ሳይገባው ቀርቶ ይሁን፣ ገብቶት ያመለጠበት ይሁን፣ ይኸው አርጅቼም አላወቅሁም። ቀዳዳውን ከፍቼ የሰጠሁት ግን እኔ ነኝ።

ግራዝማች እንደገና ተነሡ። «ሞተዋል ማለቴ ነው!» አሉ። ሰብሳቢው ደወሉን መታ። «በጽሑፍ ያልቀረበ ቃል አይጨመርም።» «ሞቱ እኮ ነው የምላችሁ! ሰው አለቀ!» ደወሉ ድምፃቸውን ዋጠው፤ ተራው ወደ ሌላ አለፈ። እኔ ከሰገነቱ ላይ ብድግ ብዬ «ቃሉ የኔ ነው፣ ሞተዋል ማለት ነው» ብል ምን ይመጣብኝ ነበር? ዘበኛ ጎትቶ ያስወጣኝ ይሆናል። አላልኩም። እኔም አርፌ ተቀመጥኩ።

ስንወጣ ግራዝማች ትከሻዬን ያዙ። «አነባበቤ ይሆናል» አሉኝ። «ያንተስ ጽሑፍ ደግ ነበር።» አላስተባበልኩም።

መካነ ሰላም ስመለስ ሰይድ ብቻውን በራችን ላይ ቆሞ አገኘሁት።

«ምን አሉ?»

«ግራዝማች አነባበቡን አበላሹት» አልኩት። እንዲህ ብዬ መለስኩለት። ቀጥሎ፣ «ከዲጃስ?» አልኩ።

«ሞተች» አለኝ። «አንተማ አሳምረህ ጽፈህ ነበር፤ አላህ ይስጥህ» ብሎ መንገዱን ቀጠለ። ወዴት እንደገባ የነገረኝ ሰው የለም። እህል የመጣው ቆይቶ ነው፤ ከሞት ለተረፈው ብቻ።

ለሰይድ ያልኩትን ለሌላውም ደጋገምኩት። ወሬው ከሚኒስትሩ ቀልድ ጋር ገበያ ወጣ። ግራዝማች ሲያልፉ ጎረምሳው «አርፏል መጡ! አርፏል መጡ!» ይላቸው ጀመር። ሚኒስትሮችን ፊት ለፊት የጠየቁት ሰው፣ በራሳቸው አገር ሰው ፊት አቀርቅረው መሄድ ለመዱ። በዚያው ስም እንደተጠሩ ሞቱ። እኔ ግን በብዕሬ ተከብሬ ኖርኩ፤ ስንቱን አስፈታሁ፣ ስንቱን ርስቱን አስመለስኩ።

ከምሳ ቤቱ የወጣሁ ዕለት ቤቴ መግባት አቃተኝ። የግራዝማች ልጅ የሺ፣ ዛሬ እሷም ሽበት ወርሷታል፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው ቤቷ። ገብቼ ሁሉንም ነገርኳት። ምስር እየለቀመች ነበር፤ እጇን አላቆመችም።

«እናቴ እኮ በዚያ ስም ምክንያት ገበያ መውጣት ትታ ነበር» አለችኝ። «ጨው እንኳ በጎረቤት ነበር የምታስገዛው።»

«አውቃለሁ፣ የሺ።»

«ያወቁትማ ያኔ ነው፣ ጋሼ።»

መልስ ፈለግኩ። እኔ፣ ለዳኛ፣ ለአገረ ገዥ፣ ለሚኒስትር ቃል ያላጣሁ ሰው፣ ለአንዲት ምስር ለቃሚ የሚሆን አንድ ቃል አጣሁ። ስለዚህ ሰው ሁሉ እንዲያውቀው ይህን ጻፍኩ፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሞተ የሚለውን በሌላ ቃል አላሳመርኩትም። ከዚያ ወዲህ በየሺ በር ሳልፍ ሰላምታዬን ትቀበለኛለች። ይግቡ ግን አትለኝም።