ሐሰተኛው መነሻ

ሀዲያ በ2006 ዓ.ም. ከጅዳ ከተባረሩት ጋር ስትመለስ ሻንጣዋ ውስጥ አንድ የተሰበረ ላፕቶፕ ነበር፤ አሠሪዋ ሊጥለው ሲል ለምና የወሰደችው። ራሷ ፈታ ገጥማ ካስነሳችው ወዲያ ልቧ ለሙያው አደላ። ደሴ ተምራ መካነ ሰላም መናኸሪያው አጠገብ የጥገና ሱቅ ከፈተች።

በ2009 አንድ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት አልፎ፣ መምህር ምስክር ላፕቶፕ አቅፈው እያለከለኩ ገቡ። የትምህርት ቤታቸውን የአሥረኛ ክፍል ተፈታኞች የሚመዘግቡት እሳቸው ናቸው።

«ሀዲያ፣ ጉድ ሆኛለሁ! የስድስት መቶ አሥራ ሁለት ተማሪ ስምና ፎቶ እዚህ ውስጥ ነው። አምስት ሰዓት ላይ መኪናው ወደ ደሴ ይነሳል። ዛሬ ካልደረሰ ልጆቹ አይፈተኑም።»

«አብሽሩ ጋሼ። ቅጂ የለዎትም?»

«የለኝም።»

ላፕቶፑን ስትከፍተው ቀይ ሳጥን ብቅ አለ፤ የመነሻው ፋይል ፊርማ፣ ማለትም የአምራቹ ማረጋገጫ፣ ስላልታወቀ አልነሳም ይላል።

«ገበያ ውስጥ ፊልም የሚጭነው ውበቱ ትናንት አንድ ፕሮግራም ጭኖልኝ ነበር» አሉ መምህሩ። «አሁን ስደውልለት ፊርማ የሚፈትሸውን ጥበቃ አጥፉት፣ ወዲያው ይነሳል አለኝ። አጥፊው እንጂ!»

«አላጠፋም። ዲስኩ የተቆለፈው ከጥበቃው ጋር ተሳስሮ ነው። ካጠፋሁት አርባ ስምንት አሃዝ ያለው የዲስክ መክፈቻ ቁጥር ይጠይቀናል። ይዘውታል?»

«የምን ቁጥር?» ፊታቸው አመድ መሰለ።

በዚህ መሃል መብራት ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ አሥራ አንድ በመቶ ቀርቶታል።

ሀዲያ ኮምፒውተሩ ገና ሲበራ የሚያነበውን የመነሻ ዝርዝር ከፈተች። እያንዳንዱ መስመር አንድ ስምና ስሙ የሚያመለክተው የፋይል አድራሻ አለው። ሁለት መስመሮች ዊንዶውስ የሚል ስም ይዘዋል።

«ያው አይደሉም እንዴ?» አሉ መምህሩ በትከሻዋ ላይ አጎንብሰው።

«ስማቸው አንድ ነው፤ መንገዳቸው ይለያል።»

የሁለተኛውን አድራሻ ፊደል በፊደል ወረቀት ላይ ገለበጠችና ከራሷ ላፕቶፕ ጋር አስተያየችው። አንድም ፊደል አልተዛነፈም። የመጀመሪያው ግን ማንም ወደማያውቀው ማኅደር፣ ፎልደር፣ ይመራል። ኮምፒውተሩ ፊርማውን አላውቅም ብሎ እምቢ ያለው እሱን ነው።

«ቶሎ በይ፣ ስምንት በመቶ!»

«ጋሼ፣ እባክዎ አይቸኩሉብኝ። ከተሳሳትኩ መመለሻ የለንም።»

ትክክለኛውን መስመር ከሐሰተኛው በላይ አወጣችው፤ ለውጡን አስቀምጣ «ቢስሚላህ» ብላ ኮምፒውተሩን እንደገና አስነሳችው። ስክሪኑ ጠቆረ። መምህሩ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እሷ ጣቷን ከቁልፉ ላይ ሳታነሳ ቆየች። ከውጭ የመኪናው ረዳት «ደሴ! ደሴ!» ሲል ይሰማል።

ከዚያ የይለፍ ቃል መጻፊያው ሳጥን መጣ። ያ ረጅም ቁጥር አልተጠየቀም።

ባትሪው ሦስት በመቶ ሲደርስ ምዝገባው በሁለት ፍላሽ ተገልብጦ አልቋል። መምህሩ አንዱን ኪሳቸው፣ ሌላውን ካልሲያቸው ውስጥ ከተው፣ ላፕቶፑን መልሰው አቅፈው ወደ መናኸሪያው ሮጡ።

ውበቱ ከሰዓት በኋላ አንገቱን ደፍቶ መጣ። የሚሸጡ ፕሮግራሞችን በነፃ ይከፍታል የተባለ ነገር ከማያውቀው ሰው ተቀብሎ፣ ሳይፈትሽ ጭኖት ኖሯል።

«ለስንት ሰው ጫንከው?» አለችው።

«ለሰባት።»

«ስማቸውን ጻፍልኝ።»

አመሻሹ ላይ መምህር ምስክር ከደሴ ደወሉ። «ገብቷል! ስድስት መቶ አሥራ ሁለቱም!»

«አልሐምዱሊላህ» አለች ሀዲያ፤ ከጠዋት ጀምሮ እህል እንዳልቀመሰች ያን ጊዜ ታወቃት። «ሲመለሱ ላፕቶፑን ይዘውልኝ ይምጡ ጋሼ። ያ ሐሰተኛ መስመር ገና አልጠፋም።»