ከጓሮ በኩል የተደረደሩ ዱባዎች

ሎሬታ ብሪግስ ፒክአፗን ዌልቾች ደጃፍ ላይ ስታቆም ወገቧ ከመቀመጫው አልላቀቅ አላት። ዕለቱ ዓርብ ነው፤ ከሰኞ ጀምሮ አሥራ ሰባት በረንዳ አስጊጣለች። በዚያች የኦሃዮ ከተማ ቅጠል መቅላት ሲጀምር ደህና ኑሮ ያለው ሁሉ ደጃፉን በዱባና በቅል ማስዋብ ይወዳል፤ ተሸክሞ መደርደሩን ግን የሚወድ የለም። ይህን የምትሠራላቸው ሎሬታ ናት። ዕድሜዋ ሃምሳ ስምንት ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከየገበሬው ማሳ ዱባ እየጫነች፣ በየሰው ደረጃ ላይ እየደረደረች፣ ኅዳር ሲመጣ ደግሞ የበሰበሰውን እየዛቀች ኖራለች። ራሷ ቤት አንድም ዱባ የለም፤ በሾርባ መልክ እንኳ ሲመጣባት ፊቷን ታዞራለች።

በሩን የከፈተላት ሚስተር ሃርላን ዌልች ነው። ጢሙ አድጓል፤ ሸሚዙ ተጨማዷል። ሌላ ጊዜ እጇን አጣጥፋ ወጥታ የምትከራከራት ሚስቱ ኦገስታ ነበረች።

«ኦገስታ ተኝታለች» አላት። «ከነሐሴ ወዲህ ከአልጋ አልወረደችም።»

«አልሰማሁም። ታዲያ ዘንድሮ ልተወው?»

«እንዳትተዪው። ‹ሎሬታ መጣች ወይ?› እያለች ከትናንት ጀምሮ ጆሮዬን አደነቆረችው።»

ሎሬታ ሥራዋን ጀመረች። የጭድ እስሩን አስቀመጠች፤ ትልልቆቹን ዱባዎች ከታች፣ ነጮቹን ከላይ፣ ኪንታሮት ያወጣ የሚመስለውንና አንገተ ረጅሙን ቅል በየመሀሉ ሰካካች። ሁለት ሰዓት ፈጀባት። ጨርሳ በስልኳ ፎቶ አነሳችና ወደ ውስጥ ገባች።

የኦገስታን አልጋ ከፎቅ አውርደው ከኋላ ያለው መመገቢያ ክፍል ውስጥ አስገብተውታል። ሴትዮዋ ከትራሱ መሀል ጠፍታለች፤ የቀረው ዓይኗና አፏ ነው።

«ነጮቹን ከላይ አደረግሻቸው?» አለች ስልኩን አስጠግታ።

«አዎ።»

«የጥርስ ሐኪም ቤት አስመሰልሽው።»

ሎሬታ ወጥታ ነጮቹን ወደ ታች አወረደች። ሌላ ፎቶ ይዛ ተመለሰች።

«አሁንስ?»

ኦገስታ ብዙ አየችና ስልኩን መለሰችላት። «እኔ እንጃ። እዚህ ላይ ሁሉም ብርቱካን ነው የሚያህለው።»

ያን ጊዜ ሎሬታ ቀና ብላ ከአልጋው ጎን ያለውን መስኮት አየች። ከመስኮቱ ማዶ የተጠወለገ ሣር፣ የልብስ ማስጫ ብረትና አንድ የዛገ በርሜል አለ።

«ቀኑን ሙሉ የሚያዩት ይሄንን ነው?»

«ይሄንንና ሃርላንን። የትኛው እንደሚብስ ገና አልወሰንኩም።»

ሎሬታ ቤቷ ገብታ እግሯን ሙቅ ውሃ ውስጥ መንከር ብቻ ነበር የምትፈልገው። አፏን ከከፈተች ሌላ ሁለት ሰዓት እንደሚጨመርባት ታውቃለች።

«ወደዚህ ላዙራቸው?» አለች በመጨረሻ።

«የፊቱ በር ባዶውን ሊቀር ነው? ሰው ምን ይላል?»

«ያለውን ይበል» አለ ሃርላን ከበሩ ጋ።

በእጅ ጋሪ ታመላልሰው ጀመር። ሃርላን ትንንሾቹን ቅሎች በሸሚዙ እቅፍ ይዞ ተከተላት። ኦገስታ በቀለበቷ መስኮቱን እየመታች ታዛለች፤ አንድ ጊዜ ስትመታ ወደ ግራ ነው፣ ሁለት ጊዜ ከሆነ ወደ ቀኝ። ትልቁ ዱባ ለአራተኛ ጊዜ ቦታ ሲቀይር ሎሬታ ወገቧን ይዛ ወደ መስታወቱ ተጠጋች።

«ሚስዝ ዌልች፣ አሁን አንዴ ደግመው ይመቱና፣ ይሄን ዱባ አልጋዎት ላይ አስተኝቼው ነው የምሄደው።»

ኦገስታ ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ከዚያ በኋላ አልመታችም። ሎሬታ አንድ ቅል አስተካክላ ትእዛዝ ጠበቀች፤ ዝም ሲባል ዞር ብላ አየች። ሴትዮዋ ፊቷን ወደ ጓሮው እንዳደረገች እንቅልፍ ወስዷታል።

ኅዳር መጨረሻ ላይ፣ የምስጋና ቀን በዓል ሊደርስ ሲል፣ ሎሬታ ልትጠርግ ሄደች። ዱባዎቹን ውርጭ መቷቸው ጎድጉደዋል፤ ሽኮኮዎች ሆዳቸውን ቦርቡረዋቸዋል። ኦገስታ ግን አላስነካም አለች።

«ገና ናቸው» አለች። ድምጿ ከአልጋው ርቆ አይሰማም።

ከሳምንት በኋላ አረፈች። ቀብሩ ባለፈ በሦስተኛው ቀን ሎሬታ አካፋዋን ይዛ መጣች። ሃርላንም ካፖርቱን ደርቦ ወጣ፤ አብረው ዛቁ። ዱባው አካፋ ሲነካው እንደ ገንፎ ይፈርሳል።

«ለሽኮኮዎቹ ስም አውጥታላቸው ነበር» አለ ሃርላን ድንገት። «ወፍራሙን በእህቴ ስም ነበር የምትጠራው።»

«እህትዎ ያውቃሉ?»

«ቀብሩ ላይ ነገርኳት። ተቀይማለች መሰለኝ።»

ሎሬታ ሳቀች፤ እሱም ትንሽ ሳቀና አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። ሲጨርሱ ሣሩ ላይ ቢጫ ክብ ክብ ምልክት ቀረ። ጎረቤት ያመጣው የዶሮ ሾርባ ስለነበረ ወጥ ቤት ገብተው ተቀመጡ። ሎሬታ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ከጠረጴዛው ስር ዘረጋች፤ ለምን አወለቅሽ ያላት የለም። ሾርባው ሳይሞቅ ቀርቷል፤ ሁለቱም ተነስቶ የሚያሞቅ ጉልበት አልነበራቸውም፤ እንዲሁ ጠጡት።

በሚቀጥለው ዓመት ሎሬታ አሥር ቤት ብቻ ያዘች። ሃርላን አልደወለም፤ እሷም አልጠበቀችም።