የጋሼ ቦታ

በማሠልጠኛው ክፍል በሩ አጠገብ የሚቀመጠው ጎልማሳ ሁልጊዜ ከሁሉም ቀድሞ ይመጣል። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ይቆልፋል፤ የኔትወርክ ገመድ ሲልጥ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ ብቅ ያደርጋል። ቀጫጭኖቹን ሽቦዎች በየቀለማቸው ደርድሮ ማያያዣው ውስጥ ሲያስገባ እጁ ፈጣን ነው። የሚዘገየው ስልኩን ለማንሳት ነው።

የሚደውልለት የሥራ አለቃው ነው፤ ገመድ ሲዘረጋ ከመሰላል ወድቆ ወገቡን የተጎዳ አንጋፋ ቴክኒሻን። ሥራውን ያስያዘውና ገመድ መላጥ ያለማመደው እሱ፣ "ሂድ ተማር" ብሎ የገፋፋውም እሱ ነው። ዛሬም ደወለ። ጎልማሳው ወደ ኮሪደሩ ወጥቶ አነሳው።

"አቤት ጋሼ! ወገብህን ተሻለህ?"

"እኔን ተወኝ። ራውተር ጀመራችሁ?"

"ትናንት ጀመርን።"

"በል ጠንክር! ስመለስ መሰላሉ ላይ የምትወጣው አንተ ነህ፤ እኔ ከታች ሆኜ እጨቀጭቅሃለሁ።"

ጎልማሳው ሳቅ ብሎ ስልኩን ዘጋ። መሥሪያ ቤቱ ጋሼን ሊያሰናብተው ወስኗል። ኃላፊው ጎልማሳውን ለብቻው ጠርቶ፣ "ትምህርትህን ስትጨርስ ቦታው ያንተ ነው፤ እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትል" ብሎታል። እሱም እሺ ብሏል።

ወደ ክፍል ሲመለስ አሠልጣኙ እሱ የሠራውን ገመድ መሞከሪያው ላይ ሰክቶ አገኘው። መብራቶቹ ሁሉ አረንጓዴ ሆነዋል።

"ጎበዝ! ማን አለማመደህ?"

ጎልማሳው እንከን የሌለውን ገመድ ተቀብሎ ጫፉን ቆረጠና እንደገና ከመጀመሪያው መላጥ ጀመረ።