ሲስተሯ ያልጨረሰችው ተራራ

ለእኔ እግር ተብሎ ተራራ የተወጣው በደርግ ጊዜ ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። አሁን አሁን እኔም እስቃለሁ፤ ያኔ ግን ግራ ከመጋባት በቀር ምንም አላተረፍኩም።

ቀኝ እግሬን ልምሻ የያዘኝ በሦስት ዓመቴ ነው። አሥራ አራት ዓመት እስኪሞላኝ በምርኩዝ እሄድ ነበር። ቀራንዮ ካለው ቤታችን ትምህርት ቤት እስክደርስ ብዙ ጊዜ እወድቃለሁ፤ ባነሣኝ ሰው ላይ ደግሞ እቆጣለሁ። በዘነበወርቅ በኩል አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ነበረች። እዚያ የምትሠራው ፈረንጅ ነርስ፣ ሁላችንም ሲስተር የምንላት፣ እግሬን ለካችና ከብረትና ከቆዳ የሚሠራ ድጋፍ ካገኘሁ ያለ ምርኩዝ እንደምሄድ ነገረችን። ድጋፉ የሚመጣው ግን ከውጭ፣ በውድ ዋጋ ነው።

"ገንዘቡን እኔ አመጣለሁ" አለች። "ኪሊማንጃሮ እወጣለሁ።"

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። ታንዛኒያ ያለ፣ ጫፉ በበረዶ የተሸፈነ ተራራ መሆኑን በጂኦግራፊ ተምሬ ስለነበር ነገርኳት።

"እዚያ ገንዘብ አለ እንዴ?" አለች።

ሲስተሯ ባላት አማርኛ አስረዳችን። እሷ ትወጣለች፤ አገሯ ያሉ ዘመዶቿና ጓደኞቿ ደግሞ ስለወጣች ገንዘብ ይሰጣሉ። ምኑም አልገባኝም። እንጨት ተሸክመው በሰፈራችን የሚያልፉት ሴቶች በየቀኑ ዳገት ይወጣሉ፤ ለዳገቱ ማን ሰጥቷቸው ያውቃል? ጎረቤታችን የቀበሌው ጸሐፊ ወሬውን ሲሰማ "ኢምፔሪያሊስት ያለ ጥቅም ዳገት አይወጣም" ብሎ ነገሩን ዘጋው።

እናቴ ግን ወዲያው ገባት፤ ወይም የገባት መሰላት። "ስለት ነው" አለች። "ልጄ በእግሯ እንድትሄድ ተስላለች።" ከዚያን ቀን ጀምሮ ጫማ ማድረግ ተወች። ሌላ ሰው ለልጇ በረዶ እየረገጠ እሷ ጫማ ማድረጓ አሳፈራት። ገበያም፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ የቀበሌ ስብሰባም በባዶ እግሯ ሄደች። እኔ በሀፍረት ሞትኩ።

ከሁለት ወር በኋላ ሲስተሯ ድጋፉን በካርቶን ይዛ ቤታችን መጣች። ፊቷ ተልጧል። እናቴ ካርቶኑን ሳትነካ "ጫፉ ላይ ደረሱ?" ብላ ጠየቀቻት።

ሲስተሯ ሳቀች። ጥቂት ሲቀራት ራሷን አሟት፣ አስመልሷት፣ መሪዎቹ ደግፈው አወረዷት። "ግን ችግር የለም፤ ሰዎቹ ገንዘቡን ሰጡ" አለች።

"ሳይደርሱ?"

"ሳልደርስ።"

እናቴ ካርቶኑን በሁለት እጇ አንስታ መለሰችላት። "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሲስተር። ስለቱ ሳይፈጸም ይህን ለልጄ አላደርግላትም። ሌላ መዓት ያመጣብኛል።"

ሲስተሯ መጠኑ ልክ ያልሆነ መሰላትና እግሬን እንደገና ትለካ ጀመር። እኔ መሃላቸው ተቀምጬ ለማንኛቸው ምን ብዬ እንደማስረዳ ጠፋኝ። ስለቱንም የፈረንጆቹን የተራራ ነገርም በቅጡ አላውቅ። እናቴ ይባስ ብላ "የቀረውን እኔ ሄጄ እወጣዋለሁ" ትላለች፤ ያለ ይለፍ ወረቀት ከከተማ መውጣት በማይቻልበት ዘመን!

በዚህ ጊዜ ተናደድኩ። እግሩ የእኔ ነው፤ ሁለቱ ሴቶች ስለ እሱ ሲወጡና ሲሳሉ እኔን የጠየቀኝ የለም። "የቀረውን እኔ ራሴ እወጣለሁ" አልኩ። "ከሰፈራችን በላይ ያለውን ዳገት።"

"በየትኛው እግርሽ?"

"በዚህኛው! ድጋፉን እሰሩልኝ።"

እናቴ ብዙ አሰበች። "እሺ፣ ለመውጫ ብቻ" አለች በመጨረሻ። "ጫፉ ካልደረስሽ ግን ይመለሳል።"

በማግስቱ ጠዋት ሦስታችን ወጣን። ሲስተሯ ልምምድ መስሏት ደስ ብሏታል። ድጋፉ ከባድ ነው፤ ጉልበቴ ጋ ሲጢጥ ይላል፤ ቆዳው ጭኔን ይፈገፍገኛል። ቢሆንም ያለ ምርኩዝ እየሄድኩ ነበር። ባሕር ዛፎቹ መሃል ስንደርስ እግሬ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወደቅኩ፣ ተነሣሁ፣ እንደገና ወደቅኩ። በሦስተኛው መነሣት አቃተኝ። ጫፉ ገና ነው። ድጋፉ ሊመለስ ነው ብዬ መሬቱ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

እናቴ አጠገቤ ተቀመጠች። የመጣሁበትን መንገድ ወደ ታች አየች፤ ከዚያ የቀረውን ወደ ላይ አየች።

"ሲስተር፣ እርስዎም ይሄን ያህል ነው የቀረዎት?"

"ይሄን ያህል" አለች ሲስተሯ።

"ሰዎቹም ሳይደርሱ ሰጡ?"

"ሰጡ።"

በዚያች ደቂቃ እናቴ ምን እንደምትወስን መገመት አልቻልኩም፤ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

"እንግዲህ እግዚአብሔር ከሰዎቹ አያንስም" አለችና፣ ተንበርክካ የላላውን የድጋፉን ማሰሪያ አጥብቃ አሰረችልኝ።