በፀሐዩ ወገን የሄደው አባት

ልጅ ሳለሁ ጥያቄ አያልቅብኝም ነበር፤ የጥያቄዎቼም ሁሉ ማረፊያ አባቴ ነበር። ያኔ፣ ባጃጅ ገና የጅጅጋን መንገዶች ሳያጥለቀልቅ፣ መብራት በሄደ ቁጥር በረንዳችን ላይ ፋኖስ ይለኮስና፣ እናቴ እራት ያበሰለችበት የከሰል ማንደጃ ፍሙ አመድ እስኪለብስ ድረስ ከመካከላችን ተቀምጦ፣ አባቴ ተረት ይጀምራል። ከሸዋ ተመድቦ የመጣ መምህር ስለነበር የሰፈሩ ሰው በሶማልኛ «መዓሊን» ይለዋል። ከግድግዳችን ወዲያ የሚኖረው የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ጉሌድም፣ እኔ እንደ አገሩ ልጆች «አዴር»፣ አጎቴ እያልኩ የምጠራው፣ የመግሪብ ሶላቱን ሰግዶ እየመጣ ከተረቱ ይካፈል ነበር።

ከተረቶቹ ሁሉ አንዱ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። አባትና ልጅ ዛፍ በሌለበት ሜዳ ላይ ከንጋት እስከ ምሽት ወደ ደቡብ ይጓዛሉ። አባትየው ጠዋት ከልጁ በስተግራ፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ በስተቀኝ ይሄዳል። ልጁ «ለምን ቦታ ትቀያይራለህ?» ቢለው መልስ አይሰጠውም። ሲመሽ፣ የተቀበሏቸው ሰዎች «በዚህ ሁሉ ፀሐይ እንዴት መጣችሁ?» ብለው ሲጠይቁ፣ ልጁ ተገርሞ «የመጣንበት መንገድ እኮ ጥላ ነበረው» ይላል።

ተረቱ እዚህ ላይ ይቆማል።

«ከዚያስ? ልጁ ጥላው የአባቱ መሆኑን አወቀ?»

«እሱን እኔም አላውቅም» ይላል አባቴ፣ ፍሙን በጉጠት እየነካካ።

«ጨርስለት እንጂ፣ መዓሊን!» ይላል አዴር ጉሌድ። «ይሄ ልጅ ተኝቶም መጠየቁን አይተውም፤ ግድግዳው ስስ ነው፣ የምሰማው እኔ ነኝ።»

አንድ ዓመት የስቅለት ዕለት፣ ስንሰግድ ውለን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ሌላ ጥያቄ ጨመርኩበት። «ጌታ ምንም ሳያጠፋ ዳኛው ፊት ለምን ዝም አለ? ቢናገር ይድን አልነበር?»

አባቴ ጥቂት እርምጃ ከሄደ በኋላ «እሱማ ይድን ነበር» አለኝ። ሌላ አልጨመረም። እኔም እንደ ተረቱ ሁሉ ይህንንም ሳይጨርሰው የተወው መሰለኝ።

ፋሲካ በቤታችን የራሱ ሥርዓት ነበረው። አባቴ ሁለት በግ ያመጣል። አንዱን በስመ አብ ብሎ ራሱ ያርደዋል፤ ሌላውን አዴር ጉሌድ ቢስሚላሂ ብሎ ያርደዋል። ቢላው ሁለት፣ መክተፊያው ሁለት፣ ማንደጃው ሁለት ነው። የእንግዶቹን ድስትና ጭልፋ የአዴር ጉሌድ ባለቤት ከራሷ ማጀት ታመጣለች፤ የድስቱም ጆሮ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ይታሰራል። ገበታው ግን ሁለት እንዳይመስል አባቴ በሁለቱም ድስት አንድ ዓይነት ቅቅል እንዲሠራ ያዝዝ ነበር። በዚህ ጥንቃቄው ስድስት ዓመት ሙሉ የሰፈሩ ሽማግሌ ሐጂ ኑር ሳይቀሩ ፋሲካን በቤታችን በልተዋል። ከሩቅ ለመጣ መምህር፣ በማያውቁት ሰዎች መካከል፣ ከዚህ የሚበልጥ ክብር አልነበረም። አባቴም ይህን ያውቅ ነበር።

የዚያን ዓመት ፋሲካ ዕለት እናቴ እንጀራ ልታቀርብ ገባች፤ የአዴር ጉሌድ ባለቤትም ሩዟን ልታመጣ ወደ ቤቷ ተሻገረች። እኔ የሁለቱንም ማንደጃ እሳት እንድጠብቅ ተነገረኝ። ከሁለቱ ድስቶች የሚወጣው እንፋሎት ከላይ ተገናኝቶ አንድ ሲሆን እያየሁ፣ ለብዙ ወራት ሲከነክነኝ የኖረው ጥያቄ መጣ፦ በአንዱ ላይ የተጠራው ስምና በሌላው ላይ የተጠራው ስም ጣዕሙን ይለውጠው ይሆን? ከእያንዳንዱ ድስት አንዳንድ ቁራጭ አውጥቼ በክዳን ላይ አኖርኩ። ፍርዴ እንዳያዳላ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ክዳኑንም ደጋግሜ አዞርኩት። ከአንዱ ቆንጠር አድርጌ ቀመስኩ፤ ከሌላውም። ዓይኔን ስገልጥ የትኛው የማን እንደነበረ ጠፋኝ። የሚመጣ ሰው ኮቴ ሰማሁና ደንግጬ ሁለቱንም ቁራጭ በቅርቤ ወዳለው ድስት ጣልኩ። በቅርቤ የነበረው ባለ አረንጓዴ ጨርቁ ነበር።

እንግዶቹ ተቀመጡ። ሐጂ ኑር እጃቸውን ታጥበው፣ ቢስሚላሂ ብለው ወደ ሳህኑ ሲዘረጉ፣ ዝም ማለት ከምችለው በላይ ሆነብኝና በአባቴ ጆሮ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። አባቴ ሳያመነታ ተነሣ።

«ሐጂ፣ እጅዎን ይሰብስቡ። ጉሌድ፣ ወንድሜ፣ አትብላ። ሥጋው ተቀላቅሏል። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሐጂ ኑር እጃቸውን በቀስታ መልሰው ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«ስድስት ዓመት የበላነውስ፣ መዓሊን?»

ያኔ ያየሁትን አልረሳም። «ልጄ ነው» የሚሉ ሁለት ቃላት ስድስቱን ዓመት ያተርፉለት ነበር። የአባቴ ከንፈር ተከፈተ፤ መልሶም ተዘጋ። የእንግዶቹን ፊት በየተራ ሲያይ፣ ወደ እኔ ላለማየት ግን ሲጠነቀቅ ተመለከትኩት። ሐጂ ኑር ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። አዴር ጉሌድ በሩ ላይ ጥቂት ቆመ፤ ከዚያም ሄደ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ምሽቶች በረንዳችን ላይ ፋኖሱ ይበራል፤ ፍሙም እንደ ወትሮው ይቀላል፤ የአዴር ጉሌድ ወንበር ግን ባዶ ነበር። አባቴ አልተቆጣኝም፤ ተረትም አልጀመረም። መንገድ ላይ «መዓሊን» እያሉ እጁን ይጨብጡ የነበሩት ሰዎች አሁን በሩቁ አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ያልፉታል። ይህን ሁሉ ከጎኑ ስሄድ አያለሁ። እኔን ግን እንደ ቀድሞው ሁሉ ይስቁልኛል፣ ራሴን ይዳብሱኛል። የምሄድበት መንገድ ጥላ ነበረው። ይህ የታወቀኝ ዕለት፣ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ አዴር ጉሌድ ሱቅ ሮጥኩ።

ነገሬን ሳልጨርስ ሳቀ። «ዋርያ፣ አንተ ልጅ፣ እኔማ የዚያኑ ዕለት ነው ያወቅኩት! አባትህ ሲናገር ሁላችንንም አየን፤ አንተን ብቻ አላየህም።»

«ታዲያ እርስዎ ለምን ዝም አሉ?»

«እሱ በገዛ ጋቢው የሸፈነህን እኔ ልግለጥህ? አንተው እስክትመጣ ነው የጠበቅኩት።» ሱቁን ዘጋና ክንዴን ያዘ። «ሐጂ ግን አላወቁም። ና!»

ሐጂ ኑር ከግቢያቸው ጥላ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። የክዳኑንም፣ የመጨፈኑንም፣ የኮቴውንም ነገር ነገርኳቸው። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ በዓይናቸው ውስጥ የራሴን ጉጉት የሚመስል ነገር እየበራ፣

«እና... ጣዕሙ ይለያል?» አሉኝ።

«ብለየውማ ኖሮ አልሳሳትም ነበር፣ ሐጂ።»

ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ። ዓይናቸውን በሽርጣቸው ጫፍ ከጠረጉ በኋላ ግን ፊታቸው ከበደ። «ስድስት ዓመት ንጹሕ ማዕድ አብልቶኝ፣ እኔ በአንድ ቀን አቆሸሽኩበት። እሱም ዝም አለኝ» አሉ። «ለእናትህ ንገራት፤ ዛሬ ሻይ እንጠጣለን።»

ሲመሽ በራችን ላይ የምርኩዝ ድምፅ ተሰማ። አባቴ ሐጂን ከነአዴር ጉሌድ ሲያይ፣ ከዚያም እኔን ሲያይ፣ የሆነውን ሁሉ ለመረዳት ቃል አላስፈለገውም። ሐጂ ኑር ከሁሉ በፊት የአባቴን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። እኔም ሻይ ሳቀብል ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ «ልጁ አወቀ» አልኩት። አባቴ ፋኖሱን ከፍ አድርጎ ሰቀለውና ብርሃኑ ዓይኔን እንዳይወጋኝ በእሱና በእኔ መካከል ተቀመጠ።

ዛሬ በቁመት እበልጠዋለሁ። በየስቅለቱ ስሰግድ ያ የልጅነት ጥያቄ ይመለስብኛል፤ ጌታ ለምን ዝም አለ ብዬ ስጠይቅ ግን አሁን የማየው ዳኛውን ሳይሆን፣ ወደ እኔ ላለማየት የተጠነቀቁትን የአባቴን ዓይኖች ነው። ፍቅር ከዚህ ምን ያህል እንደሚጠልቅ አላውቅም፤ የጌታን ዝምታ ከዳር ቆሜ የማየው በእነዚያ ዓይኖች መስኮት ብቻ ነው።

ባለፈው ወደ ጅጅጋ ተመልሼ ከአባቴ ጋር በገበያው መንገድ ስንሄድ፣ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዘንበል አለች። ሳላስበው በኋላው ዞሬ ወደ ፀሐዩ ወገን ተሻገርኩ።

«ምን ሆነህ ነው ቦታ የምትቀያይረው?» አለኝ።

እኔም እንደ እሱ ዝም አልኩ።